ከምሥራቁ ግድግዳ ሥር የቀረች ቦታ

በአንድ ወቅት፣ ያውም የሚያስታውሱት ሰዎች ገና በየቤታቸው እያሉ፣ ዳመላ በምትባል ትንሽ ከተማ ኤርሲዶ የሚባል ሰው ነበረ። ሦስት ልጆች ነበሩት፤ ትልቁ ላሬቦ፣ መካከለኛዋ ዘነበች፣ ትንሹ ሃንዲሶ። ኤርሲዶ ወንጌልን የተቀበለ ጊዜ አማኞቹ የሚሰበሰቡበት ቤት አልነበራቸውም። በየሰው ደጅ፣ በየእንሰቱ ጥላ ሥር ነበር የሚጸልዩት። ዝናብ ሲመጣ ጸሎቱ ሳያልቅ ይበተናሉ። ኤርሲዶ ይሄን አየና ከእንሰት ማሳው ግማሹን ቆርጦ፣ «እዚህ ላይ ሥሩ» አለ።

ጸሎት ቤቱ ተሠራ። ወንዶቹ ባሕር ዛፉን ተሸክመው አመጡ። ጭቃውን ትልቅ ትንሽ ሳይባል ሁሉም ረገጠው። ምርጊቱ ግን የሴቶቹ ነበር። በዳመላ ልማድ እያንዳንዷ ሴት ከግድግዳው ድርሻ አላት፤ ከዚህ ቋሚ እስከዚያ ቋሚ የእከሊት፣ ከዚያ ወዲያ የእከሊት። ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ሲበረታ ሴቶቹ ጭቃና እበት አቡክተው ይመጡና ድርሻቸውን ይለቀልቃሉ። አንዷ ጣቷን እያዞረች ነው የምትለቀልቀው፣ አንዷ ከላይ ወደ ታች ትስበዋለች፣ አንዷ መዳፏን ዘርግታ በሰፊው ትጠርገዋለች። የለመደ ዓይን ግድግዳውን አይቶ፣ «ይሄ የፈለቀች እጅ ነው፣ ይሄኛው የዘነበች» ይላል። እንደ ሰው መልክ ነበር የሚለየው።

ዘነበች አግብታ አንድ ወንድ ልጅ ወለደች። ጥርስ ማብቀል ሲጀምር ኩፍኝ ያዘውና ሞተ። ኤርሲዶ የልጅ ልጁን ከጸሎት ቤቱ ምሥራቅ ግድግዳ ሥር አስቀበረው። እሱም ብዙ አልቆየ፣ ታመመ። ሊሞት ሲል ሦስቱን ልጆቹን አስጠራና እንዲህ አላቸው፤

«ሕፃኑ ብቻውን አይሁን። በአንድ ጎኑ እኔ እተኛለሁ። በሌላው ጎኑ ይህን ጸሎት ቤት የጠበቀ ይተኛ።»

በዚያን ጊዜ ግቢው ሰፊ ነበርና ቃሉን ነገሬ ብሎ የያዘው ያለ አይመስልም ነበር። ዘነበች ግን ያዘችው። ልጇ ከሞተ ጀምሮ እንቅልፍ አጥታ የከረመች ሴት፣ በዚያ ሳምንት ዓይኗን ስትጨፍን አንድ ቀን ከልጇ ጎን እንደምትተኛ አሰበችና እንቅልፍ ወሰዳት። ከዚያ ወዲህ የምትተኛው ይሄን እያሰበች ሆነ።

ከዚያ ክፉ ዘመን መጣ። ደርግ ጸሎት ቤቶችን የሚዘጋበት፣ «ጴንጤ» ማለት ስድብ የሆነበት ዘመን። አሁን ሦስቱ ልጆች ያደረጉትን በየተራ ልንገራችሁ።

የጸሎት ቤቱ ቁልፍ በላሬቦ እጅ ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር አብዮት ጠባቂዎቹን አስከትሎ መጣ።

«ቁልፉን አምጣ።»

«ቁልፉ የኔ አይደለም። የባለቤቱ ነው» አለ ላሬቦ።

«ባለቤቱ ማነው?»

ላሬቦ ጣቱን ወደ ላይ አቀና። አንዱ አብዮት ጠባቂ ቀና ብሎ ቆርቆሮውን አየና፣ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ጣሪያ ላይ እንኳ ማንም የለም» አለ። የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ። ላሬቦ አልሳቀም፤ ቁልፉንም አልሰጠ። በሩን በመጥረቢያ ሰበሩት። እሱን አሰሩት። ልጆቹ መልኩን እስኪረሱ ድረስ እስር ቤት ቆየ። በየጊዜው ያወጡትና፣ «ትቼዋለሁ በል፣ ዛሬውኑ ቤትህ ግባ» ይሉታል፤ ራሱን ይነቀንቃል። ውስጥ እግሩን ገረፉት። ሲፈታ የሚሄደው በከዘራ ነበር። ግን ደግሞ እውነቱ ይነገር፤ ቁልፉን ከለከለ እንጂ ቤቱን አላስቀረም። ቤቱ በዚያው ቀን ተወሰደ፣ እሱም ለዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ቋሚ እንኳ አላቀና።

ጸሎት ቤቱ የቀበሌው የእህል መጋዘን ሆነ። ግቢው ታጠረ፣ ሰው አይገባም ተባለ። የዘነበች ባል ለውትድርና ተወስዶ ነበር፤ እንደወጣ ቀረ። ሌላ ልጅ የላትም። መጋዘኑን የሚጠርግ ሰው ይፈለጋል ሲባል ሄደችና፣ «እኔ እጠርጋለሁ» አለች። ከተማው ጉድ አለ። «ባሏን ለወሰዱባት፣ ወንድሟን ላሰሩባት ልታገለግል ገባች!» የገባችውስ ለሌላ አልነበረም። ግቢው ውስጥ ልጇ አለ፤ መግባት የሚችለው ደግሞ ጠራጊ ብቻ ነው።

ከገባች በኋላ ግን ግድግዳውን አየች። አንድ ክረምት ሳይለቀለቅ አልፎበት ተሰነጣጥቋል። ሌላ ክረምት ቢደገምበት ጭቃው እየተላጠ ሊወርድ ነው። መጀመሪያ የራሷን ድርሻ ለቀለቀች። አጠገቧ ያለው የፈለቀች ድርሻ ተሰንጥቆ ስታየው ጊዜ አላስችል አላት፤ እሱንም ያዘች። እንዲህ እንዲህ እያለች ዙሪያውን ጨረሰችው። በየዓመቱም ደገመችው። ታዲያ በራሷ እጅ አልነበረም። የፈለቀችን ድርሻ ጣቷን እያዞረች፣ የሌላዋን ከላይ ወደ ታች እየሳበች፣ እያንዳንዷን በየመልኳ ለቀለቀች። ሲመለሱ የየራሳቸውን ያግኙ ብላ ነው።

ይሄንንም የሚያየው የለም። ሰው ያየው ሌላውን ነው። በስብሰባ ቀን ግራ እጇን አነሣች። «ጓድ» አለች። ከመድረኩ በላይ በኖራ የተጻፈውን የእግዚአብሔር ቃል፣ «በጭቃ ድፈኚው» ሲሏት ደፈነችው። በየጓዳው ተደብቀው የሚጸልዩት አማኞች ይሄን ሰሙና ከጌታ እራት አገዷት። አንድ ሽማግሌ ውኃ ቀድታ ስትመለስ መንገድ ላይ አስቁሞ ነገራት። «እሺ» አለችና ውኃዋን ይዛ ሄደች።

ትንሹ ሃንዲሶ በአባቱ መንገድ አልሄደም። በቆሎ ይነግዳል፣ አረቄ ይወዳል፣ በጨዋታው ሰው ያስቃል፤ ጸሎት ቤት ሲሉት ግን አፍንጫውን ይነፋል። ደርግ በወደቀ ሰሞን የከተማው ሰው የቀበሌ የተባለውን ሁሉ ሊያፈርስ ገንፍሎ ወጣ። የቀበሌውን ጽሕፈት ቤት ቆርቆሮ ገፈፉት፤ በሩን በሸክም፣ መስኮቱን በክንድ ወሰዱት። ከዚያ ወደ መጋዘኑ ዞሩ። ዘነበች መጥረጊያዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች። ሰዉ መጥረቢያ ይዟል። «ዞር በይ አንቺ የቀበሌ ገረድ!» ይሏታል።

ሃንዲሶ ከአረቄ ቤት ወጥቶ ፊታቸው ተደቀነ።

«ምን ልትወስዱ ነው? ባዶ ቤት እኮ ነው! ሊቀመንበሩ እህሉን በሙሉ ትናንት እኔ ቤት ነው ያራገፈው!»

«አንተ ቤት?»

«አታምኑም? ሂዱና እዩት። ቀድሞ የደረሰ ይወስዳል!»

ውሸቱን ነበር። ሰዉ ግን ተገልብጦ ወደ ሃንዲሶ ቤት ሮጠ። እህል ሲያጡ በንዴት ቤቱን ገፈፉት፤ ቆርቆሮው፣ በሩ፣ አልጋው፣ ምጣዱ ሳይቀር ሄደ። ሚስቱ አራስ ነበረች። ሕፃኗን በነጠላ ጠቅልላ ካፊያ ላይ ወጣች። «እኔንና ልጅህን ለጭቃ ቤት ሰጠኸን» አለችው፤ ወላጆቿ ዘንድ ሄደች፣ በዚያው ቀረች። ለምን እንዲያ እንዳደረገ ሲጠይቁት ሃንዲሶ አንገቱን ይሰብርና፣ «እኔ እንጃ። አባባ ያንን ጭቃ ሲረግጥ ትዝ አለኝ» ይላል። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ በዚያ በር ገብቶ አያውቅም።

ቤቱ ለአማኞቹ ተመለሰ። በመጀመሪያው እሑድ ሴቶቹ እንባቸውን እያፈሰሱ ዙሪያውን ግድግዳውን ዳሰሱ። ፈለቀች ድርሻዋ ጋ ስትደርስ ጮኸች።

«እጄ! ኧረ እጄ ነው! እንደለቀለቅሁት አለ! ጌታ ጠብቆታል!»

ሌሎቹም የየራሳቸውን አገኙ። እልልታው ቀለጠ። ያ ሁሉ ዝናብ አልነካውም፣ ጌታ የእያንዳንዳችንን የእጅ ሥራ ጠብቆ አቆየን ተባለ። ፈለቀች ወደ መድረክ ወጥታ መሰከረች፤ ከዚያ ወዲህም በየጉባኤው ስትመሰክረው ኖረች። ዘነበች የታገዱ ሰዎች በሚቀመጡበት በኋለኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ሆና ሰማች። አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ላሬቦ ከእስር ወጥቶ ሽማግሌ ሆኖ ነበር። የእህቱ ነገር ሲነሣ፣ «ጉባኤ ፊት ቆማ ይቅርታ ትጠይቅ፤ ሥጋዬ ስለሆነች አላዳላም» አለ። ዘነበች ቆመች። «በድያለሁ» አለች። መለሷት።

ዓመታት ሄዱ። ሦስቱም አረጁ። ምእመኑ በዛ፣ የጭቃው ቤት ጠበበ፤ ፈርሶ በብሎኬት ይሠራ ተባለ። በዚያ ላይ ማዘጋጃ ቤቱ ከእንግዲህ በከተማው ውስጥ መቃብር አይቆፈርም፣ ሰው የሚቀበረው ከድንጋይ ካባው ወዲያ ባለው ሜዳ ነው ብሎ ወሰነ። ቀድሞ የተቀበሩት አይነሡም። ሽማግሌዎቹ ሄደው ቢለምኑ የአንድ ሰው ቦታ ብቻ ተፈቀደላቸው፤ ያቺም በሕፃኑ መቃብርና በግድግዳው መካከል ያለችው ናት። የማን እንደሆነች ግን አዲሱ መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ይታወቅ ተባለ።

እንግዲህ ሽማግሌዎቹ ሦስቱን ወንድምና እህት ጠርተው በቁማቸው ስለ መቃብራቸው ሊነጋገሩ ከመካከላቸው በአንዱ ቤት ተቀመጡ።

«ገና ሳልሞት ልትለኩኝ ነው?» አለ ላሬቦ ከዘራውን እየደገፈ።

«ጋሼ፣ አንተ ረጅም ነህ፣ እግርህ ይተርፋል። ለቦታዋ የምበቃ እኔ ነኝ» አለ ሃንዲሶ። ሽማግሌዎቹ ሳይወዱ ሳቁ።

ሰብሳቢው ጋሽ አንጁሎ ጉሮሮውን ጠረገ። «አባታችን ኤርሲዶ ያለው ጸሎት ቤቱን የጠበቀ ነው። ቤት ማለት የጌታ ስም ነው። ስሙን አልክድም ብሎ አካሉን የሰጠ ላሬቦ ነው።»

«ስሙን ጠበቀ እንበል» አለ ሌላው ሽማግሌ። «እኔ ግን ያን ቀን መጥረቢያ ይዘው ከመጡት ውስጥ ነበርኩ፤ ያኔ አላመንኩም ነበር። ሃንዲሶ ባይዋሽ ኖሮ ዛሬ የምናፈርሰው ቤት አይኖረንም።»

«በአረቄ አፍ የተነገረ ውሸት ቤት ጠበቀ ይባላል?» አለ ጋሽ አንጁሎ።

«ቆሞ ቀረ አይደል እንዴ!»

«እዚያ ያለው ልጅ እኮ የዘነበች ነው» አለ አንድ ሰው ከጥግ። «እናት ናት። ሬሳዋ እንኳ ቢሆን ከልጇ ጎን...»

«እናትነቱ ሌላ፣ መጠበቅ ሌላ» አለ ጋሽ አንጁሎ፤ ድምፁ ክፉ አልነበረም። «መጋዘኑን ጠርጋለች። ቃሉን ደፍናለች። ይቅር ብለናል፤ ግን ጠበቀች ልንል ነው?»

ፈለቀች ዓይኗ ደክሞ በልጅ ልጇ እየተመራች ነበር የመጣችው። «ስለምን ትከራከራላችሁ? ግድግዳውን የጠበቀው ጌታ ራሱ ነው» አለች።

ሃንዲሶ ከተቀመጠበት ተነሣ። «እማማ ፈለቀች፣ ጌታ እበት ሲያቦካ ያየሽው መቼ ነው? እትዬን ጠይቋት እስቲ! ክረምት በወጣ ቁጥር እስከ ክርኗ እበት ሆና ስትመለስ እኔ አረቄ ቤት በር ላይ ቁጭ ብዬ አያት አልነበረም?»

ሽማግሌዎቹ ወደ ዘነበች ዞሩ።

«ዘነበች» አለች ፈለቀች ከሃንዲሶ ድምፅ ዘወር ብላ። «አንቺ ነሽ?»

ዘነበች መሬት መሬት አየች። «ጭቃውን እኔ አቦካሁ። ያቆመው እሱ ነው።»

«የኔን እጅስ?»

«የሁላችሁንም አውቀው ነበር።»

ፈለቀች እጇን ዘርግታ የዘነበችን እጅ ፈለገች፤ ስታገኘው ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው። «ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ? እኔ እኮ ልጄን አፈር ያለበስኩት በዚያ ምስክርነት ነው። ግድግዳዬን ያልረሳ ጌታ ልጄን አይረሳም ብዬ ነው የቆምኩት!»

«ዝም ያልኩት ለዚያ ነው» አለች ዘነበች።

ፈለቀች እጇን ለቀቀችው። ልቅሶዋ እየተሰማ በልጅ ልጇ ተይዛ ወጣች። ዘነበች መቀመጫዋ ላይ እንደ ጥፋተኛ ተኮራመተች። ላሬቦም ከዘራውን ይዞ ወጣ። ውሳኔው ለሌላ ቀን ተባለ። ሌላው ቀን ሳይመጣ ላሬቦ አልጋ ያዘ።

ሚስቱ ቀደም ብላ ሞታለች፤ ልጆቹ በየአገሩ ናቸው። ያስታመመችው ዘነበች ነች። አንድ ቀን የአጃ አጥሚት በማንኪያ እየሰጠችው ሳለ እጇን ያዛት።

«ዘኔ።»

«አቤት ጋሼ።»

«እስር ቤት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ምን እንደማስብ ታውቂያለሽ? አባባ ያለበትን ቦታ። አንድ ቀን እዚያ እተኛለሁ፣ የሚቀሰቅሰኝ የለም እላለሁ። ያኔ ይወስደኛል።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «በዚህ ነው ሰው ሆኜ የወጣሁት።»

ማንኪያው በዘነበች እጅ ላይ ቆመ። ይሄንኑ ሐሳብ እሷም በዚያው ዘመን፣ በሌላ ጨለማ ውስጥ ተጋድማ ታስበው ነበር። ሁለት ሰው በአንዲት ቦታ ሲተኛ ኖሯል። አልነገረችውም።

«አንቺስ?» አላት።

«እኔማ ገና ነኝ» አለችና አፉን ጠረገችለት።

በሳምንቱ ሞተ።

ሳጥኑን በጭቃው ቤት ውስጥ፣ ሊፈርስ ጥቂት ቀን በቀረው መድረክ ፊት አሳረፉት። ሕዝቡ ዘመረ። ደመናው ከካባው በኩል እየጠቆረ መጣ። ቆፋሪው በርገኖ ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ ከምሥራቁ ግድግዳ ሥር ቆሟል፤ ደጅ ላይ ደግሞ ወደ ካባው ሜዳ የሚወስድ መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃል። ሽማግሌዎቹ ተማከሩና ጋሽ አንጁሎ በሩ ጋ ወዳሉት ወደ ዘነበችና ሃንዲሶ መጣ።

«መፍረድ አቅቶናል። እናንተ ሥጋው ናችሁ። ሁለታችሁ ከተስማማችሁ እዚህ እናሳርፈዋለን፣ ካልሆነም ወደ ሜዳው እንወስደዋለን። አንተ ምን ትላለህ ሃንዲሶ?»

ሃንዲሶ ያን ቀን አልጠጣም ነበር። ከደጁ አላለፈም፤ ደፉ ላይ እንደቆመ ነው። ዓይኑ ቀልቷል።

«እኔ በቁሜ እዚህ ቤት አልገባሁም። አልገባምም። ሞቼ ከአባቴ ግቢ ልግባ ብል ግን ነውር አይመስለኝም፤ ለዚህ ቤት ቤቴን ከፍያለሁ። ለጋሼ ነው ካላችሁ እሺ፣ ታላቄ ነው፣ አልቅሼ አፈር እመልስበታለሁ። ለእሱ አይሆንም ከተባለ ግን እኔም እንዳለሁ ይታወቅልኝ። እትዬ የምትለውን እሰማለሁ።»

ሁሉም ወደ ዘነበች ዞረ።

ዘነበች ከደጃፉ ወጣ ብላ የልጇን መቃብር አየች። በዙሪያው የደረደረችው ድንጋይ ትንሽ ነው፤ ሁለት ሰው ቁጭ ብሎ ቢተቃቀፍ የሚሞላው ያህል። ከዚያ ወዲህ ሣር የበቀለባት ያቺ ቦታ አለች። ላሬቦ ቢገባባት ልጇ በአያቱና በአጎቱ መካከል ይተኛል፤ ብቻውን አይሆንም። እሷ ግን ከካባው ወዲያ፣ ከማታውቀው ሰው ጎን ነው የምትሆነው። አልሰጥም ብትል ደግሞ በከዘራ የኖረውን ወንድሟን፣ እንቅልፉን በዚህች አፈር ያገኘውን ሰው፣ በዝናብ ጭና ወደ ሜዳ ልትሰደው ነው፤ ያውም እሷ ስትሞት ጊዜ ሽማግሌዎቹ ቦታዋን ለሷ መስጠታቸው ሳይታወቅ።

«እማማ ዘነበች» አለ በርገኖ በትሕትና። «ዝናቡ መጣ እኮ። ልቆፍር ወይስ ልተው?»

ዘነበች ዕድሜዋን ሙሉ ሲፈርዱባት የመለሰችው ሁለት ቃል ነው፤ አንዴ «እሺ»፣ አንዴ «በድያለሁ»። አሁን ሦስተኛውን ይጠብቃሉ። አፏን ከፈተች።

የተናገረችውን በዳመላ አንዱ እንዲህ ነው ይላል፣ ሌላው እንዲያ ነው ይላል፤ ስለዚህ ከዚህ በላይ አልወስዳችሁም። እናንተው ተነጋገሩበት። አንዱ ለጌታ ስም ብሎ አካሉን ሰጠ፣ ቤቱን ግን አላዳነም። አንዷ በየዓመቱ በእጇ አቆመችው፣ ግን ለወሰዱት እያገለገለች ነው። አንዱ በአንዲት ቀን ውሸት አተረፈው፣ ያለውንም አጣበት፣ ግን ያመነበት ቤት አልነበረም። ኤርሲዶ «ጸሎት ቤቱን የጠበቀ ከልጁ ጎን ይተኛ» ብሏል። ሬሳው ውስጥ ነው፣ ቆፋሪው ቆሟል፣ ዝናቡ እየመጣ ነው።

ቤቱን የጠበቀው ማነው? ቦታዋስ የማን ናት?